ዜግነትና ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን፦ ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠውና ዝርዝር ሕጉ የጨመረው

መግቢያ

በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ፣ በእስቴም ሆነ በስማዳና በጋይንት፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሰላምታ ማሟያ ብቻ አልነበረም። ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የርስት ክርክር የሚጸናውም የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። ተከራካሪው ትውልዱን እስከ አቅኚ አባት ድረስ ይቆጥራል፤ ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናት በኩልም ያስኬዳል። በመርህ ደረጃ አገር ጥሎ የሄደ ሰው ድርሻው በዘመድ እጅ ቢቆይም፣ ተመልሶ ትውልዱን ካስረዳ የመጠየቅ መብቱ በመራቁ ብቻ አይጠፋበትም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ርስት አይደለም። ይሁን እንጂ የርስት ክርክር ያነሣቸው የነበሩ ሁለት ጥያቄዎች ዛሬ በሕገ መንግሥትና በአዋጅ ቋንቋ ተመልሰው ይመጣሉ፤ አንድ ሰው የአገር ልጅ የሚሆነው በምንድን ነው? ሄዶ ሲመለስስ ምን ይቀረዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከሁሉ በላይ የሚከብዱት ሰውየው ሕዝብን ለመምራት ሲነሣ ነው። ጽሑፉ የሚከራከርለት ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለከፍተኛ ሥልጣን ያስቀመጠው የዜግነት መስፈርት ሰፊና አካታች ነው፤ አስቸጋሪ የሆነው ዜግነት እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ የሚወስነው ዝርዝር ሕግ ነው። ችግሩም የሚፈታው አዲስ መሰናክል በማቆም ሳይሆን ያለውን ሥርዓት ግልጽ በማድረግ ነው።

ታሪካዊ መነሻ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የዜግነት ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ወጣ። ሕጉ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሰው ኢትዮጵያዊ አደረገ። በዚያን ዘመን የብዙ አገሮች ሕግ ዜግነትን በአባት ብቻ ያስተላልፍ ስለነበር፣ የእናትን ትውልድ መቀበሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለውጭ አገር ሰውም በሩን አልዘጋም፤ አምስት ዓመት በአገሩ የኖረ፣ ራሱን የሚያስተዳድር፣ አማርኛ መናገርና መጻፍ የሚችል ሰው ዜግነት መጠየቅ ይችል ነበር። በአንጻሩ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል የሚለው መርህ መነሻውን ያገኘው ከዚሁ ሕግ ነው።

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሥልጣኑን ጫፍ ለአንድ ዘር ብቻ ወሰነ፤ ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወርደው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትውልድ እንዲጸና ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የሕዝብ እንደራሴዎችን ምርጫ ሲያስገባ መስፈርቱን ዘረዘረ። እንደራሴ ለመሆን በትውልድ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 25 ዓመት መሙላት፣ በምርጫው ክልል መኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ይጠበቅ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልም በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነና 35 ዓመት የሞላው እንዲሆን ተደነገገ።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ በሕግ ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ምክር ቤት መግባት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ዜግነት ሁለት ደረጃ ነበረው። ሁለተኛ፣ ትውልድ ብቻውን አይበቃም፤ ንብረትም ያስፈልጋል። ርስት በስፋት በኖረበት በበጌምድር ንብረት ማሳየት ለገበሬው በንጽጽር የሚቻል ነገር ሲሆን፣ ጭሰኝነት በነገሠባቸው አካባቢዎች ግን ብዙ የአገር ልጆችን ከምርጫው ሜዳ የሚያስወጣ ገደብ ነበር። ስለዚህ የሥልጣን መስፈርት «ኢትዮጵያዊ ማን ነው?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «የትኛው ኢትዮጵያዊ?» የሚለውንም ይመልሳል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ይህን የሁለት ደረጃ አሠራር አልተከተለም። አንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ ነው ይላል፤ የውጭ አገር ሰዎችም ዜግነት ሊያገኙ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ፣ የውጭ ዜጋ ማግባትም ዜግነትን እንደማያስቀር፣ እንዲሁም ዜጋው ዜግነቱን የመለወጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥና የመመረጥ መብትን በማናቸውም የመንግሥት እርከን ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት ይሰጣል።

ወደ ሥልጣኑ ጫፍ ስንወጣ ድንጋጌዎቹ ይበልጥ አጭር ይሆናሉ። በአንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የሚያስፈልገው ዜግነት ለምክር ቤት አባልነት የሚያስፈልገው ዜግነት ነው። ርዕሰ ብሔሩ በአንቀጽ 70 መሠረት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመረጣል። አንቀጹ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ መመረጥን ሲከለክል፣ ስለ ዕድሜም ሆነ ስለ ትውልድ የተለየ ቃል አልጻፈም። በአንቀጽ 74 መሠረት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮችን ከምክር ቤቶቹ አባላት ወይም ከአባላቱ ውጭ ካሉ ለሥራው ብቃት ያላቸው ሰዎች መካከል መርጦ ለሹመት ያቀርባል።

የዚህ ዝምታ ትርጉም ምንድን ነው? ዝምታው ለውጭ ዜጋ የተተወ ክፍተት ነው ብሎ መተርጐም አያስኬድም፤ በሕዝብ ጉዳይ አስተዳደር የመሳተፍ መብት በአንቀጽ 38 የተሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነውና። ዝምታው የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ በትውልድ ኢትዮጵያዊ በሆነውና በሕግ ኢትዮጵያዊ በሆነው መካከል ልዩነት አልተደረገም። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለእንደራሴነት እንኳ የማይበቃ የነበረ ዜጋ በዛሬው ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትርም ርዕሰ ብሔርም ለመሆን የሚከለክለው ቃል የለም። ሕገ መንግሥቱ ጥምር ዜግነትንም በግልጽ አልከለከለም። ክልከላው የመጣው ከዝርዝር ሕግ ነው።

ዝርዝር ሕጎቹ

የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የ1922ቱን ሕግ ተካ። በአንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ደግሞ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ እንደዚሁ ይቆጠራል። አንቀጽ 22 የመመለሻውን መንገድ ያሳያል፤ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው መኖሪያውን በኢትዮጵያ ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ለባለሥልጣኑ ካመለከተ ዜግነቱ ይመለስለታል።

ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» በሚባለው መታወቂያ፣ በርካታ መብቶችን ሰጥቷል። ባለካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያፈራል። በማናቸውም የመንግሥት እርከን መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ ተቋማትም በቋሚነት ሊቀጠር አይችልም። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011፣ ዕጩ ተወዳዳሪ ኢትዮጵያዊ እንዲሆንና 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል።

የእነዚህን ሕጎች ድምር ውጤት በምሳሌ እንይ። ከመካነ ኢየሱስ ወጥታ አሜሪካ የገባች፣ በዚያም ዜግነት የወሰደች አንዲት እናት ተመልሳ በከተማዋ ቤት ልትሠራ፣ ድርጅት ልትከፍት፣ ሠራተኛ ልትቀጥር ትችላለች። በምርጫ ቀን ግን ለቀበሌ ምክር ቤት ድምፅ መስጠት አትችልም። በዚያ አገር የተወለደው ልጇም፣ በአንቀጽ 6 መሠረት በተወለደ ጊዜ ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ዜግነቱን በትውልድ አግኝቷል። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ አንድ ዓመት በዝምታ ካለፈ ግን ያንኑ ዜግነት «በፈቃዱ» እንደተወ ይቆጠራል።

በዚህ ነጥብ ላይ በሕገ መንግሥቱና በአዋጁ መካከል እውነተኛ ውጥረት ይታያል። አዋቂ ሰው ለሌላ አገር ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዜግነት ሲወስድ፣ ድርጊቱን እንደ ፈቃድ መቁጠር ያስኬዳል። ነገር ግን ስለ ሕጉ ያልሰማ ወጣት ዝም በማለቱ ፈቃዱን ሰጥቷል ማለት፣ «ከፈቃዱ ውጭ አይገፈፍም» የሚለውን የአንቀጽ 33 ጥበቃ ያሳሳል። ፈቃድ የሚባለው ታውቆ የተደረገ ነገር ነውና።

ሌላም ክፍተት አለ። የአዋጅ ቁጥር 270/1994 ክልከላ የሚናገረው ስለ ምርጫና በተዘረዘሩት ተቋማት ስለ መቀጠር ነው፤ ሚኒስትር ግን የሚሾም እንጂ በሕዝብ የሚመረጥ ወይም በቋሚነት የሚቀጠር አይደለም። ለምሳሌ የግብርና ሚኒስቴር «መሰል የፖለቲካ ተቋም» ነውን? ከአንቀጽ 38 መንፈስ በመነሣት ሚኒስትርነት የዜጋ ሥልጣን ነው ብለን እንደመድማለን፤ ሆኖም ይህን ያህል ከባድ ነገር በግልጽ ድንጋጌ እንጂ በትርጉም ሊቆም አይገባውም።

የ2012 ዓ.ም. ክርክር

እነዚህ ክፍተቶች በወረቀት ላይ ብቻ አልቀሩም። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜግነት የነበራቸው አቶ ጃዋር መሐመድ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስን ተቀላቀሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም የፓርቲ አባል ኢትዮጵያዊ ዜጋ መሆን ስላለበት፣ ፓርቲው ስለ አባሉ ዜግነት ማብራሪያ እንዲሰጥ በደብዳቤ ጠየቀ። የፓርቲው መከራከሪያ በአንቀጽ 22 ላይ የቆመ ነበር፤ ሰውየው ወደ አገር ተመልሰዋል፣ የውጭ ዜግነታቸውን ትተዋል፣ ለሚመለከተው አካል አመልክተዋል የሚል።

የሕግ ጥያቄው ከግለሰቡም ከፓርቲውም በላይ ነው። ሦስቱ ሁኔታዎች እንደተሟሉ ዜግነት በራሱ ይመለሳል? ወይስ መሥሪያ ቤቱ መርምሮ እስኪወስን ይጠበቃል? በመጀመሪያው አነጋገር አዋጁ የመመለሱን ነገር በሁኔታዎቹ መሟላት ላይ እንጂ በመሥሪያ ቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ አላቆመም፤ በሕግ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው ከሚያሟላው የአራት ዓመት ነዋሪነት፣ ቋንቋና የገቢ ምንጭ ጋር ሲነጻጸር የተመላሹ ሸክም ሆን ተብሎ ቀልሏል። በሁለተኛው አነጋገር «ማመልከት» የሚለው ቃል ራሱ መልስ የሚሰጥ አካል መኖሩን ያሳያል፤ መልስ የማያስፈልገው ማመልከቻ ትርጉም የለውምና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለቱ አነጋገሮች ሊታረቁ ይችላሉ ብሎ ያምናል። መሥሪያ ቤቱ ሁኔታዎቹ መሟላታቸውን ያረጋግጣል፤ ከተሟሉ ግን የመከልከል ሥልጣን የለውም። ውሳኔው ነባሩን መብት የሚያረጋግጥ እንጂ አዲስ ስጦታ የሚሰጥ አይደለም። ያም ሆኖ ከባዱ ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው፤ አዋጁ መልስ የሚሰጥበትን የጊዜ ገደብ በግልጽ ካላስቀመጠ፣ የዕጩዎች ምዝገባ ቀን ቀርቦ መልሱ የዘገየበት ሰው መብቱን በክልከላ ሳይሆን በመዘግየት ያጣል። የታቀደው ምርጫ በኮቪድ 19 ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ ፓርቲው ራሱን ከውድድር አግልሎ ስለነበር፣ ክርክሩ በምርጫ ሣጥን ፊት አልተፈተነም። ጥያቄው ግን አሁንም ለሚቀጥለው ተመላሽ በቦታው አለ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንትነት በትውልድ ዜጋ መሆንን ይጠይቃል፤ ለምክር ቤት አባልነት ግን በሕግ ዜግነት ያገኘ ሰው ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ሊወዳደር ይችላል። የኬንያ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ለሕዝቡ ፈቅዶ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ለከፍተኛ የመንግሥት ሹማምንት ይከለክላል። ይህ አማራጭ ለእኛ ትምህርት አለው፤ ዜግነትን ከሰው ሳይነጥቅ የታማኝነትን ጥያቄ በሹመት ጊዜ ብቻ ይመልሳልና።

አስጠንቃቂ ምሳሌዎችም አሉ። በኮትዲቯር የ2000 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንት ዕጩ አባትም እናትም በትውልድ የአገሩ ተወላጆች እንዲሆኑ ጠየቀ፤ አላሳን ዋታራም በዚያ ዓመት ከምርጫ ታገዱ። የዜግነትና የ«ተወላጅነት» ጥያቄ በ2002 ለተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ከዋና መንሥኤዎች አንዱ ሆነ። በ2016 የወጣው ሕገ መንግሥት መስፈርቱን ወደ አንድ ወላጅ ዝቅ አደረገው። በዛምቢያም በ1996 በተደረገ ማሻሻያ አገሪቱን ከነፃነት ጀምሮ ለ27 ዓመት የመሩት ኬኔት ካውንዳ፣ ወላጆቻቸው ከዛሬዋ ማላዊ የመጡ በመሆናቸው፣ ከውድድር ውጭ ሆኑ። በሁለቱም አገሮች መስፈርቱ በጽሑፍ አጠቃላይ ቢሆንም ያረፈው በአንድ ታዋቂ ተፎካካሪ ላይ ነበር።

አውስትራሊያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በ2017 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩን ባርናቢ ጆይስን ጨምሮ በርካታ የምክር ቤት አባላት በምርጫው ጊዜ የሌላ አገር ዜግነት ስለነበራቸው ብቁ አልነበሩም ሲል ወሰነ። ጆይስ በአባታቸው በኩል ኒውዚላንዳዊ መሆናቸውን አላውቅም ነበር ብለው ነበር። ዜግነቱን ትተው በማሟያ ምርጫ ተመለሱ። ክርክሩ ከባድ ቢሆንም በፍርድ ቤት ተሰምቶ በወራት ውስጥ እልባት አገኘ።

የማስረጃ ጥያቄ በወረዳ ደረጃ

መስፈርት ያለ ማስረጃ ባዶ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት በዋናነት ከወላጅ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ዜግነትን ማስረዳት የወላጅን ዜግነት ማስረዳት ነው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢወጣም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እንግዲህ ዛሬ 21 ዓመት ሞልቶት ለወረዳ ምክር ቤት መወዳደር የሚችል የእስቴ ወጣት ሲወለድ ይህ የምዝገባ ሥርዓት ሥራ አልጀመረም ነበር። በእጁ ያለው የቀበሌ መታወቂያ የነዋሪነት ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያም ለነዋሪ ሁሉ፣ በአገሪቱ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ጭምር የሚሰጥ በመሆኑ ዜግነትን አያረጋግጥም።

በእስቴ ገጠር ይህ ክፍተት እስካሁን ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጎረቤት ያውቃልና። ነገር ግን የሰፈር ዕውቀት በከተማ፣ በድንበር አካባቢና ከስደት በተመለሰ ሰው ዘንድ አይሠራም። በ1990 ዓ.ም. የተነሣውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተከትሎ ብዙ ሰዎች ዜግነታቸው አከራካሪ ሆኖ ከአገር ተባረዋል። የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ በሪፈረንደሙ የተመዘገቡት ሰዎች ኤርትራዊነትን ቢያገኙም ኢትዮጵያዊነታቸው በዚያው ወዲያው እንዳልተቋረጠ ተቀብሏል። ማስረጃውና ሥርዓቱ በሰላም ጊዜ ካልተዘጋጀ፣ በጭንቅ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምራል።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ለከፍተኛ ሥልጣን ዜግነትን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕግ የሚያወጣው፣ ጦር የሚያዘው፣ ከሌላ መንግሥት ጋር የሚደራደረው ሰው የውሳኔውን መዘዝ ከሕዝቡ ጋር አብሮ የሚሸከም መሆን አለበት። ይህን ሥጋት ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ ሥጋቱ የሚመለሰው መስፈርቱ ለሁሉም አስቀድሞ የታወቀና በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ ሲሆን ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ይመከራሉ።

አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 22 ሥር ማመልከቻ የሚወሰንበት የጊዜ ገደብ በቀናት ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ ዜግነቱ የተመለሰበት ቀንም በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የከለከለ ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይሰጥ፤ ለመደበኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ መባሉም በግልጽ ይደንገግ፤ የሕገ መንግሥት ትርጉም የሚሻው ነጥብ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤና ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሂድ። ሦስተኛ፣ በውጭ አገር የተወለዱ ልጆች በዝምታ ዜግነታቸውን የሚያጡበት ድንጋጌ ተሻሽሎ፣ ማጣቱ በግልጽ መግለጫ ብቻ እንዲሆን ይደረግ። አራተኛ፣ ለሚኒስትርነትና ለመሰል ሹመቶች የዜግነት መስፈርቱ በሕግ በግልጽ ይጻፍ።

ሕግ አውጪው በጉዳዩ ላይ መነጋገር ያለበት የታወቀ ዕጩ በሌለበት ጊዜ ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ስሙ ሲታወቅ፣ ስለ በሩ የሚደረግ ክርክር ስለ ሰውየው ወደሚደረግ ክርክር ይለወጣል። የጥንቱ የርስት ዳኛ ትውልዱን ቆጥሮ ለቀረበ ተመላሽ ቢያንስ አንድ ነገር አይነፍገውም ነበር፤ ክርክሩን ሰምቶ ፍርድ ይሰጠው ነበር። የዛሬው ተመላሽ ከሕጋችን የሚጠብቀው ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባም።